አደባባዩን የመለሰው ሰው

መስኮት ቁጥር አራት የመንገድ ዳር እርዳታ ማሰባሰቢያ ፈቃድ የሚሰጥበት ነው። ከመስኮቱ ጀርባ የምትቀመጠውን ሴት ባልደረቦቿ «እትዬ ለምንድነው» ይሏታል። ሰው ቅጽ ሞልቶ፣ የሐኪም ማስረጃ አያይዞ ሲመጣ ሌላ ጸሐፊ ቢሆን ማኅተሙን መትቶ ይሸኘዋል። እሷ ግን ካልጠየቀች እህል አይወርድላትም።

የማሰባሰቢያ ቦታ የሚከፋፈለው በዕጣ ነው። ሰው የሚጎርፍበት ዋናው አደባባይ የደረሰው እልል ሊል ምንም አይቀረውም፤ ያልደረሰው ፊቱን አጨፍግጎ ይወጣል። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት አደባባዩ የደረሰው ቧንቧ ሠሪ «ይቀየርልኝ» ብሎ ሲመጣ ጆሮዋ ቆመ።

«ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለው መንገድ ይሰጠኝ፣ እትዬ።»

«እዚያ እኮ ድመት እንኳ አያልፍም! መንገዱም መውጫ የለው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምንድነው?»

ቧንቧ ሠሪው ኮፍያውን በእጁ እያገላበጠ «ለእኔ እሱ ይሻለኛል» ብቻ አለ።

የባሰውን መምረጥ የሚከለክል ደንብ ስለሌለ ቀየረችለት። ነገሩ ግን ከነከናት። የምሳ ሰዓት ሲደርስ ምሳዋን ትታ ወደዚያ መንገድ ሄደች።

መንገዱ በአንድ በኩል የሆስፒታሉ ግንብ፣ በሌላው የተዘጋ መጋዘን ነው። ሰውየው የባለቤቱ ፎቶግራፍና ስም ያለበትን ባነር በቧንቧ ብረት ወጥሮ አቁሞታል፤ የገንዘብ መሰብሰቢያ ሣጥኑ ታሽጓል፣ የፈቃዱ ካርድ ደረቱ ላይ ነው። ስህተት ፈልጋ አጣች። ባነሩ ግን ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ወደ ግንቡ ዞሯል።

«ይሄስ ለምንድነው ወዲያ የዞረው?»

ሰውየው ወደ ሦስተኛው ፎቅ ጠቆመ። «ባለቤቴ እዚያ ናት። ጠያቂ የማይገባበት ክፍል፤ ጉንፋን እንኳ ቢይዛት አትችለውም። ለሕክምናው የጎደለው ጥቂት ነው፣ እሱስ ይሞላል። እሷ ግን ‹ሰው ረስቶኛል› ብላ ምግብ ተወች። ካልበላች ደግሞ መድኃኒቱን አትችለውም ብለዋል ሐኪሞቹ። ሰው ሲቆምላት ብታይ ብዬ ነው።»

«ከጠዋት ጀምሮ ማን ቆመ?»

«እርስዎ።»

እትዬ ለምንድነው ወደ ሦስተኛው ፎቅ ቀና ብላ አየች፤ የመስኮቱ መጋረጃ አልተነቃነቀም።

በማግስቱ መስኮቱ ላይ መጀመሪያ የደረሰው አንድ መምህር ነበር፤ ለተማሪዎቹ መጻሕፍት ሊያሰባስብ ነው።

«የባነርህ አጻጻፍ ልክ አይደለም» አለችው። «ከሆስፒታሉ ጀርባ ናሙና አለ። ሄደህ አይተህ፣ ጽሑፉን ቃል በቃል ገልብጠህ ና።»

ከመምህሩ ቀጥሎ ቤቱ ለተቃጠለ ጎረቤታቸው የሚያሰባስቡ ሦስት ሴቶች መጡ፤ እነሱንም ላከቻቸው። የእግር ኳስ አሠልጣኙ «ይሄ ደግሞ ከየት የመጣ ሕግ ነው?» እያለ አጉረመረመ፣ ግን ሄደ። ነገ ሣጥን ይዞ መንገድ ዳር የሚቆም ሰው የሌላውን ሣጥን አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም፤ የላከቻቸው ሁሉ እዚያ ቆም ይላሉ ብላ በልቧ እርግጠኛ ነበረች።

አለቃዋ ከቢሮው አንገቱን ብቅ አድርጎ «ናሙና አለን እንዴ?» አላት።

«አሁን አለን።»

ዓርብ ዕለት ቧንቧ ሠሪው እየሮጠ መጣ። ፊቱ በርቷል።

«እትዬ፣ ትናንት ሾርባውን ጨረሰችው! ስልክ ደውላ ‹ያ ሁሉ ሰው እዚያ ቆሞ ምንድነው የሚጽፈው?› አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«እኔ ምን አውቄ! ብቻ አፌ ላይ የመጣልኝን፣ ‹ስምሽን ነው› አልኳት። ከዚያ ሾርባ አምጡልኝ አለች።» ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን እትዬ፣ እውነት ምንድነው የሚጽፉት?»

ስትጠይቅ የኖረችው ሴት በተራዋ ተጠየቀች። እንባዋን በመሐረቧ ጠረገች።

«ስሟን ነው፣ ወንድሜ» አለችው።

ከዚያም ከመቀመጫዋ ተነስታ፣ ከኋላው ለተሰለፉት ሁሉ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አደረገች።

«መጀመሪያ ሄዳችሁ ባነሩን ገልብጡ። የሴትየዋ ስም የሌለበት ወረቀት አልቀበልም!»