የአለቃው ብይ

የመጨረሻዋን ሴራሚክ በጎማ መዶሻ ጠቅ ጠቅ አድርጎ አስተኛትና ውሃ ልኩን ከላይዋ አጋደመ። የውሃ ልኩ አረፋ መሃል ላይ ቀጥ አለች። አዙሮ ለካ፤ አሁንም ንቅንቅ የለም። ልብስ ሰፊው ወገቡን እየደገፈ ተነሳና የመታጠቢያ ቤቱን ወለል ቁልቁል አየው። ደስ አለው። ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅ ላይ መስመር ሲያወርድ የኖረ ሰው ወለል ላይ ይሳሳታል ብሎ የሚጠብቅ ካለ፣ የራሱ ጉዳይ ነው።

"ማሙሽ!" ሲል ተጣራ። "ና እይ እንጂ! ሥራ ማለት እንዲህ ነው!"

ማሙሽ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ለቤተሰቡ ማሙሽ ይሁን እንጂ ለዚህ ግቢ ሠራተኛ ሁሉ አለቃ ነው፤ ቤት ከመሠረቱ እስከ ቀለሙ ሠርቶ ያስረክባል። ሰው ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ብቻ መግዛት ሲጀምር ልብስ ሰፊው ሱቁን ዘጋና "ሙያ አስተምረኝ" ብሎ እሱ ዘንድ መጣ። መማሩንስ ተማረ። ሲሚንቶና አሸዋ አመጣጥኖ ያቦካል፣ ሴራሚክ ሳይሰብር ይቆርጣል። ያቃተው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዩኒፎርሙን እየሰፋ፣ ብይ የቀደደውን ኪሱን እየጠቀመ ያሳደገውን ልጅ "እሺ" ማለት። ይህ ወለል ደግሞ ፈተናው ነበር። ካለፈ የሚቀጥለውን ቤት ወለል ሙሉውን ብቻውን ይሠራል፤ ከወደቀ ተመልሶ ዕቃ አቀባይ ይሆናል።

ማሙሽ በሩ ላይ ቆሞ አየ። "መገጣጠሚያው ያምራል ጋሼ" አለና ከኪሱ አንዲት ሰማያዊ ብይ አወጣ።

"አሁንም ብይ ትጫወታለህ?"

ማሙሽ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ብይዋን ግድግዳው ሥር አስቀመጣትና ለቀቃት። ባለችበት ቁጭ አለች።

"ይኸው! ልክ ስለሆነ አይደል የማትንከባለለው?" አለ ልብስ ሰፊው።

"መታጠቢያ ቤት እኮ ነው ጋሼ። ብይዋ ካልሄደች ውሃውም አይሄድም። ወደ መውረጃው ዘቅዘቅ ማለት ነበረበት።"

ልብስ ሰፊው ጥግ ላይ ያለውን የውሃ መውረጃ አየ፤ ከዚያ ግድግዳውን አየ። የወለሉ ከፍታ ሁለቱም ጋ እኩል ነው። ፊቱ ጋለ፤ አፈረ፤ ያፈረ ሰው ደግሞ መቆጣት ይቀናዋል።

"ታዲያ ቀድመህ አትነግረኝም ነበር?"

"ትናንት ነገርኩህ። 'እኔ መቀስ ስይዝ አንተ ገና ትድህ ነበር' አልከኝ። ዛሬ ጠዋት ደገምኩልህ፤ ሰው ፊት ሳቅክብኝ።"

"እና አሁን ምን ልሁን?"

"ከሥሩ ያለው የሲሚንቶ ቡኬት ሳይደርቅ ሁሉም መነሳት አለበት። አንተ ካልፈለግክ ሌላ ሰው እንዲያነሳው አደርጋለሁ።" ማሙሽ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንተን ማዘዝ ቀላል ይመስልሃል? እህቴን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል። ግን እዚህ የሚገቡት አሮጊት ናቸው፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ውሃ የሚያቁር ቤት አላስረክባቸውም።"

ልብስ ሰፊው ወጣና ኮቱን ከሚስማሩ ላይ አነሳ። ውጭ የሚያቦኩት ሁለት ሠራተኞች ምንም እንዳልሰማ ሰው አካፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ልብስ ሰፊው አንድ እጁን ኮቱ ውስጥ አስገባ። ግን ወዴት ይሂድ? ሱቁ ውስጥ ዛሬ ስልክ ነው የሚሸጠው። ቤት ቢገባ ሚስቱ "እንዴት ሆነልህ?" ማለቷ አይቀርም። ከሁሉ በላይ ያንገበገበው ግን ልጁ ልክ መሆኑ ነው። እሱ ራሱ ልብስ መስፋት ሲማር አንዱን ሱሪ ስንቴ አስተርትረውታል! አስተማሪው ኃይለኛ ሰው ነበሩ፤ እሱም ያን ጊዜ ቃል አልተነፈሰም። እዚህ ምን አዲስ ነገር ተገኘና ነው ኮት የሚያስለብሰው? ያስተማሪው ዕድሜ ካልሆነ በቀር ምንም።

ኮቱን አውልቆ መልሶ ሰቀለው።

ሲመለስ ማሙሽ ተንበርክኮ የመጀመሪያዋን ሴራሚክ በግንበኛ ማንኪያ ሊፈነቅል እየታገለ ነበር።

"አለቃ" አለ ልብስ ሰፊው፣ ድምፁን ሳይቀንስ።

ውጭ የአካፋው ድምፅ ቆመ። ማሙሽ ሌላ ሰው የተጠራ መስሎት ወደ በሩ ዞረ፤ ከልብስ ሰፊው በቀር ማንም የለም።

"አቤት ጋሼ?"

"እኔ እተረትረዋለሁ፣ ተነስ። ብይዋን ስጠኝና ከየት እንደምጀምር አሳየኝ።"

አለቃው ብይዋን ሱሪው ላይ ጠረገና መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። ልብስ ሰፊው ውሃ ልኩን ከበሩ ውጭ አስደግፎ ተንበረከከ።