የመጀመሪያው እምቢታ

የማርያም ጽዋ ማኅበር አባላት በየወሩ ለእስረኞች ዳቦ ይዘው ይሄዱ ነበር። ዳቦውም ደህና ነበር፣ እስረኛውም ይመርቅ ነበር። አንድ ቀን ግን ሰብሳቢው ቀናው ጽዋው ከተነሣ በኋላ ብድግ ብሎ፣ የታሰረውን ጠየቅን፣ የተፈታውንስ ማን ጠየቀው አለ። ጥያቄው ለማንም ስላልተመቸ ማንም ሳይከራከር ጸደቀ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ አባል ከማረሚያ ቤት የሚወጣ አንድ ሰው ተቀብሎ፣ ሰውየው በእግሩ እስኪቆም ከጎኑ እንዲሆን ተባለ። ተቀባዮቹ የሁለት ቀን ትምህርት ተሰጣቸው። የትምህርቱ ፍሬ ነገር ብዙ ማዳመጥና ትንሽ መናገር ነው።

ማን ይጀምር ሲባል አንዱ ቤቴ ጠባብ ነው አለ፣ አንዱ ልጆቼ ብዙ ናቸው አለ። ጋሽ ጎሹ ቤታቸው ሰፊ፣ ልጃቸው ኤፍራታ ሐዋሳ፣ ሚስታቸው ወይዘሮ ዋጋዬ አፈር ውስጥ። የሚሉት አጥተው እሺ አሉ።

እውነቱን ለመናገር እሺ ለማለት ቸኩለው ነበር። ዕድሜያቸውን በሙሉ አሶሳ ወፍጮ ቤት ሲሠሩ ጸጥታ ይናፍቁ ነበር። ጡረታ ሲወጡ አገኙት፤ አይመልሱት ነገር መመለሻው ጠፋቸው። ሬዲዮው «እንደምን አደራችሁ» ሲል «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ጀምረው ነበር።

የደረሳቸው ሰው ሙሌ ይባላል። በባምባሲ መንገድ ካለ የሰፋሪ መንደር ነው። ጢሙ ሳያበቅል፣ ማሳ በገባ በሬ ተጣልቶ ጎረቤቱን በዱላ መታው፤ ሰውየው በዚያው ቀረ። ሙሌ ከማረሚያ ቤት የወጣው ጢሙን ይዞ ነው።

በመጀመሪያው ጠዋት ጋሽ ጎሹ ሲነሡ ለባብሶ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ተቀምጧል።

«ምነው፣ ውጭ አትወጣም እንዴ?»

«እስኪከፈት ነው ጋሼ።»

«አልተቆለፈም እኮ።»

«አውቃለሁ» አለ ሙሌ፣ ሳይነሣ።

ጋሽ ጎሹ በሩን ከፈቱለት። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት በር መክፈት ሥራቸው ሆነ፤ ሥራ ካገኙም ቆይተዋል። ሙሌ ታስሮ የተማረው የቀርከሃ ሥራ ነው። በግቢው ወንበር ይሠራል፣ ማታ ዳማ ይጫወታሉ፣ ከአንድ ሰሐን ይበላሉ። ሲያኝክ ድምፁ ይሰማል። ዋጋዬ ብትኖር ትቆጣ ነበር፤ ጋሽ ጎሹ ግን ወጡን ወደ እሱ ያስጠጉለት ነበር።

የሙሌ እናት ወይዘሮ አገኘሁሽ እዚያው መንደር ናቸው። ጉልበታቸው ስለከዳቸው አሶሳ መምጣት አይችሉም። በገበያ ቀን ማንጎ ነጋዴዋን ሀዊን ለልጄ ስጪልኝ እያሉ ማንጎ ይልኩለታል። እሱ ደግሞ መሄድ አይችልም። ደሙ ሳይደርቅ ገዳይ የሟች ቤተሰብ ያለበትን መንደር አይረግጥም፤ ከረገጠም ተመልሶ የሚወጣው በቃሬዛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የተቀባዩ ትልቁ ሥራ ሽማግሌ ይዞ ሄዶ፣ የሟችን ቤት ለምኖ፣ ልጅን ከእናቱ ማገናኘት ነው።

ጋሽ ጎሹ ይህን ሥራ በዳግም ትንሣኤ ማግስት ጀመሩት። ቀናውንና የሰፈሩን ሽማግሌ ሼህ ሙዳሲርን አስከትለው በባጃጅ ሄዱ፤ ደም ማድረቅ ሃይማኖት አይጠይቅም። ከሟች ደጅ ቆመው ሳል ሳል አሉ። የሟች ሚስት አሰለፈች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። ጋሽ ጎሹ የመጡበትን ተናገሩ።

«የባሌ ደም በለስላሳ አፍ አይደርቅም» አለች። «ከደጄ ዞር በሉልኝ።» በሩንም ዘጋችው።

ሲመለሱ ሼህ ሙዳሲር ደስ ብሏቸው ነበር። ደህና ተቀበለችን አሉ። ልክ ናቸው፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ ሟቹን አረከሰ ይባላል። ሽማግሌ አንዴ ይባረራል፣ ሁለተኛ ሲሄድ እስቲ እንየው ይባላል፣ ሦስተኛ ሲሄድ ይሰማል። ይህን የማያውቅ ሽማግሌ የለም። ጋሽ ጎሹም ደስ ብሏቸው ነበር፤ ግን የእሳቸው ደስታ ከሼህ ሙዳሲር የተለየ መሆኑን ባጃጁ ውስጥ ሳሉ ልብ አሉት፣ ልብ ማለታቸውንም አልወደዱትም።

«ምን አሉ ጋሼ?» አለ ሙሌ ደጅ ቆሞ።

«እምቢ አሉ።»

ይህ እውነት ነው። ጋሽ ጎሹ መዋሸት አይወዱም፤ ያን ቀንም አልዋሹም። ሙሌ የታሰረው ሽማግሌዎች ዘንድ በሚያስቀምጥ ዕድሜ አልነበረም፤ እምቢ ማለት እምቢ ማለት ይመስለዋል። አንገቱን ደፍቶ እውነታቸውን ነው አለና ወደ ቀርከሃው ተመለሰ። ማታ ዳማ ተጫወቱ።

ከዚያ በኋላ ቀናው ሁለተኛውስ ሲላቸው፣ ሼህ ሙዳሲርን ትንሽ አሟቸዋል አሉት። ሼህ ሙዳሲር ሲጠይቋቸው ቀናው ለስብሰባ ግልገል በለስ ወርዷል አሏቸው። ለራሳቸው ደግሞ ዝናቡ ገብቷል፣ መንገዱ ጭቃ ነው ይሉ ነበር። ጭቃውስ እውነት ነበር። ማንጎው አልቆ በሀዊ ቅርጫት የበቆሎ እሸት መምጣት ጀመረ። ጋሽ ጎሹ እናቲቱ የላኩትን እሸት ከልጃቸው ጋር ጠብሰው ይበላሉ።

አንድ ቀን ሙሌ መጋዙን አስቀምጦ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው ቆመ። ወደ ቶንጎ በኩል ወርቅ ቁፋሮ የሚሄዱ ልጆች አሉ፣ አብሬ ልሂድ አለ። እናቴን በስልክ እሰናበታታለሁ አለ። ካልፈለጉኝ እዚህ አፍንጫቸው ሥር መቀመጤስ ምን ይረባቸዋል አለ። ጋሽ ጎሹ ማዳመጥ የተማሩ ሰው ናቸውና አዳመጡ። ቶንጎ የሚሄድ ሰው ለእሑድ ምሳ እንኳ ተመልሶ እንደማይመጣ ግን ማንም ሳያስተምራቸው ገባቸው። ሊያስቀሩት በዝምታ የያዙት ሰው በዚያው ዝምታ ሊሄድባቸው ነው። ቢናገሩ መንደሩ ይሄዳል፤ ባይናገሩ ከእናቱም ከእሳቸውም ይጠፋል።

ሁለት ቀን ሊናገሩ ቃል ሲመርጡ ሀዊ ቀደመቻቸው። የሀዊ አማርኛ ወንድና ሴት አይመርጥም። ቅርጫቷን አውርዳ፣ ሙሌ ቀርከሃ እየሰነጠቀ ባለበት፣ ተናገረች።

«ሽማግሌው የት ጠፋ? አሰለፈች ተቆጥቷል። እሑድ እሑድ ደጁን ይጠርጋል፣ ጠላ ጠምቆ ይጠብቃል፣ ሰው አይመጣም። ባሌን ናቁት ወይ ይላል።»

ይህን ብላ ቅርጫቷን ተሸክማ ሄደች። ሙሌ ቢላዋውን አላስቀመጠም።

«ሁለተኛ ይኬዳል እንዴ?» አለ።

«ሦስተኛም ይኬዳል።»

«ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ጋሼ?»

ጋሽ ጎሹ ከመጽሐፍ የሚጠቀስ ፈለጉ። ስለ እስረኛ ብዙ ተጽፏል፤ እስረኛ ስለሚያስቀር ሰው የተጻፈ ግን ትዝ አላላቸውም።

«ብቻዬን መብላት ሰለቸኝ» አሉ።

ሙሌ አንድ ቀርከሃ ሰነጠቀ፣ ደግሞ ሌላ ሰነጠቀ። ጋሽ ጎሹ ቢሰድባቸው ይሻላቸው ነበር።

«እናቴም ብቻዋን ነው የምትበላው» አለ በመጨረሻ፣ ቀና ሳይል።

ጋሽ ጎሹ ወዲያው ጃንጥላቸውን ይዘው ወደ ቀናው ቤት ሄዱ። ስለ ሼህ ሙዳሲር ሕመም የተናገሩት ሐሰት መሆኑን ነገሩት፤ ከዚያ ሼህ ሙዳሲር ዘንድ ሄደው ሕመሙንም ግልገል በለስንም ተናዘዙ። ሼህ ሙዳሲር መታመማቸውን ገና ዛሬ መስማታቸው እንደሆነ ተናግረው ከዘራቸውን አነሡ።

አሰለፈች ሁለተኛ ሲሄዱ ደጇን ጠርጋ ጠበቀቻቸው። «ሞቶ ይሆን ብዬ እንዳልጠይቅ ስምህን እንኳ አላውቀውም» አለቻቸው ጋሽ ጎሹን፣ አንቱታውን ሆን ብላ ትታ። «ሰው አንድ ጊዜ ቢቆጣህ ጥለህ ትሄዳለህ? ወይስ የኔ ባል ሁለተኛ የማያስለምን ነው?» ጋሽ ጎሹ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው፣ የልጁ አይደለም አሉ። እስቲ እናየዋለን አለች። በሦስተኛው ሰማቻቸው፤ የእርቁ በግ ግን ፍልሰታ ሳይፈታ አይታረድም አለች። ጠበቁ።

በእርቁ ቀን ሙሌ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ከመንደሩ ዳር ጀምሮ አጎንብሶ ሄደ። የሟች ወንድሞች ፊታቸውን አዙረው ቆመዋል። አሰለፈች ብዙ ካየችው በኋላ ድንጋዩን በሁለት እጇ አወረደችለት። ከብዷት ነበር፤ ማንም ግን አላገዛትም፣ አይታገዝምም። ከዚያ በጉ ታረደ፣ ተማማሉ። ሼህ ሙዳሲር ሥጋው ስለማይመለከታቸው ምርቃቱን አረዘሙት።

ወይዘሮ አገኘሁሽ ልጃቸውን ከደረታቸው አጣብቀው ጢሙን በጣታቸው እየነኩ፣ ይሄ ከየት መጣ፣ ይሄ ከየት መጣ ይሉ ነበር። ጋሽ ጎሹ ከሰው ጋር ገብተው በሉ። ሲነሡ ሙሌ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ፤ እናቱ ሌላውን እጁን አልለቅ ስላሉት አሳሳሙ ፈጠን ያለ ነበር።

ሙሌን ከእናቱ ዘንድ ትተው ሲመለሱ ባጃጁ ውስጥ ቀናው ስለሚቀጥለው ሰው አነሣ። ለመስቀል የሚወጣ አንድ ሰው አለ፣ እናት የለው፣ ዘመድ የለው፣ የሚሄድበት አገር የለው፣ ከእርስዎ ጋር ዕድሜ ልኩን ቢኖር የሚጠይቀው የለም፣ ለእርስዎ የተፈጠረ ነው አለ።



«እሱን ልጅ ለሞላበት ቤት ስጡት» አሉ ጋሽ ጎሹ። «ለኔ የሚመለስበት አገር ያለውን ስጡኝ።»

ቀናው የባጃጁ ድምፅ ያሳሳተው መስሎት ደግሞ ጠየቃቸው። ደግመው ነገሩት።

ቤታቸው ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። እስክትጠልቅ ባዶው ቤት ሳይገቡ ደጅ ቆዩ።