ባዩ ያረመልኝ ዓረፍተ ነገር

እኔ ዓለሚቱ ሸክላ ሠሪ ነኝ። ደብረ ታቦር ገበያ ድስትና እንስራ የገዛ ሁሉ ያውቀኛል። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቂም መቋጠር ግን አውቅበታለሁ።

ልጄ ጽጌ አሥረኛ ክፍል ናት። አንድ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት መጣችና ደብተሯን ወርውራ ጭቃ መርገጥ ጀመረች።

«እማ፣ ከእንግዲህ አልማርም» አለችኝ እያለቀሰች።

ለካስ የእንግሊዝኛ መምህሯ፣ ያ ባዩ የሚሉት፣ መልስ ብትሳሳት «ጭቃ ለሚያቦካ እጅ እንግሊዝኛ ምኑ ነው? ሂጂ እናትሽን አግዢ» ብሏት ኖሯል። ክፍሉ በሙሉ ሳቀባት። ጉድ እኮ ነው! ያ ሰው ወጡን የሚበላው በእኔ ድስት ነው፤ በእጄ ነው የሸጥኩለት።

«ምን ሲያስተምር ነው እንዲህ ያለሽ?»

«ዲስፓሬጅ የሚል ቃል።»

«ትርጉሙስ?»

«ሰውን ማንኳሰስ። ከባድ ቃል ነው እማ፤ በደብዳቤና በመጽሐፍ እንጂ በመንገድ አይባልም።»

አንጀቴ እርር አለ። ቃሉን እያስተማረ ያንኑ አደረገባት! «በይ አስጠኚኝ» አልኳት።

አሥራ ሁለት ቀን አጠናሁ። ጭቃ ስረግጥ ዲስፓሬጅ፣ ድስት እሳት ውስጥ ስከት ዲስፓሬጅ። «ባዩ ዲስፓሬጅ» ብዬ ላቆም ስል፣ ጽጌ «አይሆንም፣ ማን ማንን እንዳንኳሰሰ ካልተናገርሽ ቃሉ አይቆምም» አለችኝ። ምላሴ ሲተሳሰር ሳቀች፤ ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ የሳቀችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ትምህርት ቤት ግን «እሱ ካለበት አልገባም» ብላ አሻፈረኝ አለች።

የወላጆች ስብሰባ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነበር። ጽጌን እየጎተትኩ ሄድኩ። ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ፍቅርተ «ጥያቄ ያለው?» ሲሉ ተነሣሁ።

«መምህር ባዩ፣ እኔ ያልተማርኩ ነኝ። ዲስፓሬጅ ማለት ምን ማለት ነው? ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ።»

ደስ አለው። ክራባቱን አስተካከለና «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እናቴ። ሰውን ማንኳሰስ፣ ክብሩን ዝቅ አድርጎ መናገር ማለት ነው» አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ። ዓረፍተ ነገር ሠርቻለሁ፣ ይረሙልኝ። ቲቸር ባዩ ዲስፓሬጅድ ማይ ዶተር።»

እንግሊዝኛ የሚያውቁት ዞረው አዩት። ለማያውቁት እኔው ነገርኳቸው፦ «መምህር ባዩ ልጄን አንኳሰሷት። ‹ጭቃ ለሚያቦካ እጅ እንግሊዝኛ ምኑ ነው› አሏት። ልክ ነው ወይስ ስሕተት?»

ባዩ ግንባሩን ጠረገ። ወይዘሮ ፍቅርተ «ይመልሱ እንጂ፣ መምህር!» አሉት።

«ልክ ነው» አለ። ድምፁ እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ ነበር። እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ስወጣ ተከተለኝና «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለኝ።

«ክፍል ውስጥ ነው ያሏት፤ ክፍል ውስጥ ይበሏት» አልኩት።

ሰኞ በተማሪዎቹ ፊት ይቅርታ ጠየቃት። ጽጌ ያን ዕለት ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ዋለች። እሷ ይቅር ብላው ይሆናል። እኔ ግን፣ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።

ቅዳሜ ባዩ ገበያ መጣ፤ ድስቱ ተሰብሮበት ኖሯል። ትልቁን መረጠ። ተቀብዬ በጣቴ አንኳኳሁት፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ከዚያ መልሼ ከኋላዬ አስቀመጥኩት።

«ይኼ ጭቃ ባቦካ እጅ የተሠራ ነው» አልኩት። «ለአንቱ አይሆንም።»