የዴማር ወረፋ

ዴማር የተወጋው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ እዚሁ ሰፈራችን ኤድመንተን፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣ የዶሮ ጥብስ ቤቱ በር ላይ። የወጉት ልጆች ስሙን እንኳ አያውቁም። የየት ሰፈር ልጅ እንደሆነ ጠየቁት፣ ነገራቸው፣ በቃ። ወንድሜ ኤሪቲዬ አብሮት ነበር። የዩኒፎርሙን ኮት አውልቆ የጓደኛውን አንገት በሁለት እጁ እንደያዘ አስፋልቱ ላይ ተንበረከከ። አምቡላንስ ሲደርስ ጣቶቹን በግድ ነው ያላቀቋቸው። ወንድሜ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር።

እኔ ፕላሜዲ ነኝ፣ ታላቅ እህቱ። እኛ ኮንጎዎች እንደምንለው «ያያ» ብሎ ነው የሚጠራኝ፤ እናታችንንና እናት የሚሆኑንን ሴቶች ደግሞ «ማማን» እንላለን።

ከዴማር ቀብር በኋላ የማውቀው ኤሪቲዬ ጠፋ። ያ ወሬኛ፣ ያ ቀልደኛ ልጅ ሲጠሩት የሚደነግጥ ሆነ። የትም ብንሄድ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ በሩን የሚያይበት ቦታ ካላገኘ አይቀመጥም። አንድ ቀን መምህሩ ከኋላው መጥቶ ትከሻውን ቢነካው ጠረጴዛ ገለበጠበት፤ ከትምህርት ታገደ። ሰፈሩ ለመፍረድ አልዘገየም። «እሱም ገባበት» ተባለ። ድሮ ሊፍት ውስጥ ስለ እናቴ የጉልበት ሕመም የሚጠይቁን ጎረቤቶች የስልካቸውን መስታወት ማየት ጀመሩ።

አንድ ቅዳሜ እናቴ የደረቀ ዓሣ ልትቆርጥ ቢላዋዋን ፈልጋ አጣችው። መሳቢያውን ሁሉ ገለባበጠች። እኔ አልነካሁትም። ስለዚህ ማን እንደነካው ገባኝ።

ክፍሉ ገብቼ በሩን ዘጋሁት።

«ስጠኝ» አልኩት።

«ምኑን?»

«አታድርቀኝ። የማማን ቢላዋ።»

ከጃኬቱ እጅጌ ውስጥ በካልሲ የተጠቀለለውን አወጣው። ግን አልሰጠኝም፤ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«ማንን ልትወጋ ነው?»

«ማንንም።»

«ታዲያ ዓሣ ልትቆርጥበት ነው የያዝከው?»

ሊስቅ ሞከረና አልሆነለትም። «ያያ፣ ይኼ በእጄ ካለ ደረጃውን እወርዳለሁ። ከሌለ እግሬ አይታዘዘኝም። ልቤ እዚህ ድረስ ይመጣል» አለና ጉሮሮውን ነካ። «ዳቦ ግዛ ስትሉኝ ራሱ ያለሱ አልችልም።»

«አንዱ ቢመጣብህስ?»

«አላውቅም» አለ። «እኔንም የሚያስፈራኝ እሱ ነው።»

ለእናቴ ነገርኳት። አትንገሪ ብሎ ለምኖኝ ነበር፤ አልሰማሁትም፤ ዛሬም ቢሆን አልሰማውም። እናቴ አልጮኸችም። ክፍሉ ገብታ አልጋው ጠርዝ ላይ ከጎኑ ተቀመጠችና ራሱን ይዛ ደረቷ ላይ አስደገፈችው፤ ቢላዋውን በግድ አልቀማችውም።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ፓስተራችን ጠርቶን «ወሬው ደርሶኛል» አለ። «ይኼ የዓመፅ መንፈስ ነው። ሦስት ቀን ጾሞ ይምጣና እናስወጣለታለን።»

እናቴ ለፓስተር መልስ መልሳ አታውቅም። የዚያን ቀን መለሰች።

«ጸሎትዎን አልጠላም፣ ፓስተር፤ ይጸልዩለት። ልጄን ግን መንፈስ አልያዘውም። ያየው ነገር ነው የያዘው። እርስዎ ያንን ቢያዩ እንቅልፍ ይወስድዎት ነበር?»

ፓስተሩ ክራባቱን አስተካከለ። እኛም ወደ አውቶቡሱ ሄድን።

የሰፈራችን ሐኪም ወደ ወጣቶች የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ አስተላለፈን። ክሊኒኩ ዝም ሲል እኔው ደወልኩ። አንዲት ልጅ አነሳች።

«ወረፋው ረጅም ነው። ከዓመት በላይ ሊሆን ይችላል።»

«የታመመው እኮ አሁን ነው።»

«ይገባኛል። ራሱን ወይም ሌላ ሰው ጎድቷል?»

«እስካሁን አልጎዳም።»

«እንግዲያው አስቸኳይ ውስጥ አይገባም። የተለወጠ ነገር ካለ መልሰሽ ደውዪልን።»

«መጀመሪያ ሰው ይውጋና ልደውል?»

ልጅቷ ክፉ ሰው አልነበረችም። «ይቅርታ» አለችና ስልኩ ተዘጋ።

እናቴ ምድጃው ጋ ሆና ሁሉን ሰምታለች። እሳቱን አጠፋችው። «ስንደውል ካልሰሙን ሄደን እዚያው እንቀመጣለን» አለች።

ሰኞ ጠዋት ኤሪቲዬን በር ላይ አቆመችው። «ቢላዋው እዚህ ይቀራል። ከፊትህ እኔ፣ ከኋላህ እህትህ። የሚመጣ ካለ በእኔ ላይ አልፎ ነው።» እናቴ አጭር ናት፤ ራሷ ደረቱ ጋ ነው የሚደርሰው። ቢሆንም ቢላዋውን ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ደረጃውን ስንወርድ ሸሚዙ ከጀርባው በላብ ተጣበቀ። ፎቅ በፎቅ እየቆምን ወረድን።

ከታች እናቴ የጠራቻቸው ሦስት የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ሴቶች ይጠብቁናል። ማማን ኦርታንስ አንድ ባልዲ ሙሉ የተጠበሰ ሊጥ፣ ሚካቴ፣ ይዛለች። ከነሱ ራቅ ብላ ደግሞ በቀብሩ ቀን የለበሰችውን ጥቁር ካፖርት የለበሰች ሴት ቆማለች፤ ሚስ ሻርመይን፣ የዴማር እናት። ማንም አልጠራትም። እናቴ ስታያት ደነገጠች።

«እህቴ፣ አንቺ እንኳ መምጣት አልነበረብሽም።»

«የልጄ ወረፋ አልቋል» አለች ሚስ ሻርመይን። «ባዶ ሆኖ ከሚቀር ይኼ ልጅ ይግባበት።» ከዚያ የኤሪቲዬን እጆች ያዘች፤ ዴማርን ይዘው የነበሩትን እጆች። እሱ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ክሊኒኩ ስንደርስ ኤሪቲዬ ቀጥ ብሎ ጥግ ላይ ያለችውን፣ በሩ የሚታይባትን ወንበር ያዘ። እኛ የቀረውን ሞላነው። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ቀጠሮ እንዳለን ጠየቀች፤ በድምፅዋ አወቅኳት፣ እሷም ያወቀችኝ መሰለኝ። «የለንም» አልኩ። ትንሽ ቆይቶ መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ኃላፊ ወጣ።

«ይቅርታ፣ ይኼ ቦታ ቀጠሮ ላላቸው ታካሚዎች ነው።»

«እኛም ታመናል፣ ልጄ» አለች እናቴ።

«ሁላችሁም?»

«እኔ ጉልበቴን» አለች ማማን ኦርታንስ፣ «እሷ ልቧን። ሚካቴ ትበላለህ?»

«ካልወጣችሁ ፖሊስ ለመጥራት እገደዳለሁ።»

«ጥራቸው» አለች እናቴ፤ ድምፅዋ አልጨመረም። «የእነሱም ልጆች በዚህ መንገድ ነው የሚሄዱት። ይምጡና ከጎናችን ይቀመጡ።»

ሰውየው ሚስ ሻርመይንን አያት። ፎቶዋ በጋዜጣ ወጥቶ ስለነበር ማን እንደሆነች ሳያውቅ አይቀርም። ወደ ቢሮው ተመለሰ። ፖሊስ አልመጣም።

ከዚያ በሩ ተከፈተና አንድ ልጅ ከአባቱ ጋር ገባ። የለበሰው ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለውን ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው። ከወጊዎቹ አንዱ አልነበረም፤ ግን የነሱ ሰፈር ልጅ ነው፣ ኤሪቲዬም በመልክ ያውቀዋል። ልጁ ማንንም ሳያይ ወደ ጥጓ ወንበር አመራ፤ የለመዳት ትመስላለች። መሀል ላይ ሲደርስ ኤሪቲዬን አየና ደርቆ ቀረ።

የወንድሜ እጅ ወደ እጅጌው ገባ። ባዶ ነው፤ አውቃለሁ። የልጁም እጅ ወደ ኪሱ ሄደ። የሱ ባዶ ይሁን አይሁን አላውቅም። አባትየው «ምን ሆንክ? ተቀመጥ እንጂ» ይለዋል፤ ምንም አልገባውም። እኔ ለመነሳት የወንበሩን ጠርዝ ያዝኩ።

የተነሳችው ሚስ ሻርመይን ናት። በሁለቱ መሀል ገባች። ባዶ ወንበር ጎተተችና ከኤሪቲዬ ጎን ግድግዳው ላይ አስጠጋችው።

«ግድግዳው ለሁለታችሁም ይበቃል» አለች። «ተቀመጥ፣ ልጄ። ስሜን ታውቀዋለህ?»

ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ያውቃል።

«እንግዲያው ተቀመጥ። እኔ በሩን አይላችኋለሁ።»

ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ከፊታቸው ቆመች። ልጁ ተቀመጠ። እጁን ከኪሱ አወጣው፤ ባዶውን። ሁለቱም ተንፍሰው ሳያውቁ የኖሩ ይመስል ሲተነፍሱ ይሰማል። ማማን ኦርታንስ ምንም ሳትናገር ባልዲውን መሀላቸው አስቀመጠች።

ልጁን ልትጠራ የወጣችው ሐኪም፣ ዶክተር ኔርሚን፣ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ይኼን ሁሉ አይታለች። መጀመሪያ ልጁን አስገባች። ሲወጣ ወደ እኛ መጣችና «የምሳ ሰዓቴ ነው፤ ና ግባ» አለችው ኤሪቲዬን። ኃላፊው ስለ ወረፋው ሥርዓት ሊያስረዳት ሲጀምር «የምሳ ሰዓቴን ከማን ጋር እንደማሳልፍ የሚወስን ሥርዓት የለም» አለችው።

ረጅም ሰዓት ቆየ። ሲወጣ ዓይኑ አብጦ ነበር፤ ቀጥታ ወደ ባልዲው ሄደ። የቀረውን ሚካቴ ሁሉ ጨረሰው።

ዳነ አልላችሁም። እስካሁን ባንኖ ይነሳል፤ ዳቦ ልግዛ ብሎ ከሁለተኛው ፎቅ የሚመለስበት ቀን አለ። ግን በየሰኞው ይሄዳል። ኃላፊው ሁለተኛ ተሰብስባችሁ እንዳትመጡ አለን፤ እናቴ «እሺ» ብላ በሚቀጥለው ሰኞ አምስት እናቶች ጨምራ ሄደች። አንዷ ከሐዲዱ ማዶ ነች። ክሊኒኩ ሌላ ሐኪም እስኪያመጣ እንቀመጣለን ብለዋል፤ እየተቀመጡም ነው።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ደረጃው ሥር የሚቆሙት ልጆች ኤሪቲዬን ከበውት አገኘሁ። ኬምሮን የሚባለው ረጅሙ «እብዱ መጣ» እያለ ያሾፋል። «ኪኒንህን ውጠሃል? የእብድ ሐኪም ዘንድ ነው አሉ የምትውለው።»

ልገባበት ስል ኤሪቲዬ ቀደመኝ። «አዎ፣ እሄዳለሁ» አለ፤ ጮክ ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ሰኞ ሰኞ ነው። አንተም ሌሊቱን ሙሉ መብራትህ እንደማይጠፋ ከመስኮቴ አያለሁ። ከፈለግክ ቦታ ይዤልህ እጠብቃለሁ።»

ልጆቹ ሳቁ። በማን እንደሳቁ ግን እነሱም አላወቁም። ኬምሮን አልሳቀም።

እሑድ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ኬምሮን ነው፤ ኮፍያውን እስከ ዓይኑ አውርዶታል።

«ኤሪቲዬ አለ?»

«ለምን ፈለግከው?»

ወደ ሊፍቱ ዞሮ አየ፤ ማንም የለም። «ስለ ሰኞው ነገር ልጠይቀው ነበር» አለ።

እናቴ ከውስጥ «ማነው?» ስትል ሰማሁ። «አንድ ልጅ ነው» አልኳት።

«ጫማውን አውልቆ ይግባ።»