የአሳየሽ ይግባኝ

«ልጁስ? ያሬድ የት አለ?»

ፍቅሬ ቀና አላለም። ጠያቂዋ ከቢጠና የመጣች የሟች ሚስቱ የአክስት ልጅ ናት። ድንኳኑ ውስጥ ገብታ፣ ደረቷን መትታ አልቅሳ፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ ገና አግዳሚው ላይ ሳትደላደል ነው የጠየቀችው። ለቀስተኛ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ያለቅሳል፤ እንባው ሲደርቅ ማን መጣ ማን ቀረ ብሎ ዙሪያውን ያያል።

«ሃላሌ ነው» አለ ፍቅሬ። «አጎቱ ዘንድ ነው የሚማረው። መንገዱ በዝናብ ተበላሽቶ…»

«ውይ ልጄን! እናቱን አፈር ሳያለብስ!»

የሟቿ ታናሽ እህት ሣራ ዝንጅብል የበዛበት የቡና ቅጠል ሻይ ከቴርሞስ እየቀዳች ነበር። ስኒው ሞልቶ እጇ ላይ ፈሰሰባት። ፍቅሬን ግን አላየችውም። ከቀብሩ ጀምሮ አይታው አታውቅም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የፍቅሬ ውሸት ግን እያደር ከበደው። ያሬድ ሃላሌን በእግሩ ረግጦ አያውቅም። ያለው እዚሁ ሶዶ ነው፤ ከድንኳኑ በእግር የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ፣ ማረሚያ ቤት ውስጥ ለልጆች በተለየው ክፍል። ዕድሜው ዐሥራ አራት ነው። እናቱ መሞቷን ሰው ነግሮት እንደሆነ አባቱ አያውቅም።

ለቀብሩ እንዲመጣ ማመልከት ይቻል ነበር። ይህን ከፍቅሬ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ሶዶ ውስጥ የለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ከዘበኛው ሃያ እርምጃ ርቆ፣ አረንጓዴ ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ ለሰው ማመልከቻ ሲጽፍ ኖሯል። «በፖሊስ ታጅቦ የወላጁን ቀብር ፈጽሞ እንዲመለስ» የሚለውን በቃሉ ይወጣዋል። ለራሱ ልጅ ግን አልጻፈውም። ልጁ በሁለት ፖሊስ መሃል ሆኖ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ሲመጣ ታየውና አፈረ። እናም አሳየሽ ያለ ልጇ ተቀበረች።

ነገሩ ከተፈጠረ አምስት ወር አልፎታል። ሦስት ልጆች ወደ ዱቦ በሚወስደው መንገድ ባጃጅ አስቆሙ። ሁለቱ ጎረምሶች ናቸው፤ እጁን ዘርግቶ ያስቆመው ግን ያሬድ ነው። ሰው የሌለበት ቦታ ሲደርሱ ከጎረምሶቹ አንዱ ሾፌሩን ጭንቅላቱን በድንጋይ ፈነከተው። ስልኩን ቀምተው ሮጡ። ያሬድ እዚያው ተያዘ። የወረዳው ፍርድ ቤት፣ «ያስቆመው እሱ ነው፤ የተያዘውም ከቦታው ነው፤ ግብረ አበር ነው» አለና ሁለት ዓመት በማረሚያ እንዲቆይ ወሰነ።

ውሳኔው በተነበበ ቀን ፍቅሬ ጃንጥላውን አጥፎ «ቢጠና ለቅሶ አለብኝ» ብሎ ወጣ። ለቅሶ አልነበረበትም። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ የመኪና ጥሪ በሰማ ቁጥር የሚሄድ ሰው መስሎ ሰዓቱን እያየ ዋለ። ችሎት የገባችው አሳየሽ ናት፤ ብቻዋን። ኩላሊቷ ከታመመ ወዲህ እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ስላላት ነጠላ ጫማ አድርጋ ነው የቆመችው።

«ይግባኝ ይባላል፣ አይደል?» አለችው ሲመሽ።

«ይባላል።»

«ለሰው ሁሉ ትጽፍ የለ? ለልጅህ ጻፍ።»

«ከሥሩ ስሜን አድርጌ? ዳኞቹ ያውቁኛል፤ ሬጅስትራሯ ታውቀኛለች። ያ ሁሉ ሰው “የሱም ልጅ” ሲለኝ ይዋል?»

«ይበሉህ። አባቱ አይደለህም?»

«እኔ ወንበዴ አላሳደግሁም።»

«እኔ ግን ልጅ ነው ያሳደግሁት» አለችና እግሮቿን ለብ ያለው ውኃ ውስጥ ከተተች። ቀጥላም «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አለች፤ እሱን ሳይሆን ውኃውን እያየች።

ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሳችበትም። ተስፋ ቆርጣ ተወችው ብሎ አሰበ፤ እንዲያውም ትንሽ ቀለል አለው። ዛሬ ይህን ሲያስታውስ የገዛ ፊቱን የሚደብቅበት አጣ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ናጂያ መጣች። ናጂያ ፍርድ ቤቱ አጠገብ የኮምፒውተርና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ያላት የስልጤ ልጅ ናት። ፍቅሬ በእጁ የሚጽፈውን እሷ ትተይበዋለች፤ ስምንት ዓመት አብረው ሠርተዋል። አፍ ስለማትቆጥብ «ጋሼ፣ ያንተ ፊርማ ከማመልከቻው ይረዝማል» እያለች ታበሽቀዋለች። እውነቷን ነው፤ ሦስት ቀለበትና አንድ ረጅም ጅራት ያለው ፊርማ ነው፤ ይኮራበታል። ዛሬ ግን ናጂያ ቀልድ የላትም። ያመጣችውን ዳቦ ለሣራ ሰጥታ ትንሽ ተቀመጠችና ፍቅሬን በዓይኗ ጠቀሰችው። ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ ሥር ቆሙ።

«አላህ ሶብሩን ይስጥህ፣ ጋሼ» አለችና ከሻርፗ ሥር የላስቲክ ክላሰር አወጣች። «ከቀብር ማግሥት እንዲህ ያለ ነገር ይዤ መምጣቴ ነውር ነው። ግን ነገ ቀኑ ያልቃል።»

«የምኑ?»

«የያሬድ ይግባኝ። የውሳኔው ግልባጭ ለአሳየሽ ዘግይቶ ነው የደረሳት፤ ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ካልገባ በቃ። እኔ ነኝ የጻፍኩላት። ላንተ እንዳልነግር አስምላኝ ነበር። ሐሙስ እናስገባ ተባብለን ረቡዕ ሆስፒታል ገባች።»

ፍቅሬ ወረቀቱን ተቀበለ። በሙያው ዓይን ሊያነበው ሞከረ፤ አልሆነለትም። ከኋላው የተያያዘው የባጃጅ ሾፌሩ የኢሊያስ ቃል ነው። አሳየሽ በዚያ ባበጠ እግሯ ቤቱን አፈላልጋ ሄዳ ደጁ ላይ ተቀምጣ ጠይቃው ኖሯል። «ልጁ ሲመቱኝ ጮኸ» ይላል ኢሊያስ። «እነሱ ሲሮጡ እሱ ቀረ። የተማሪ ሸሚዙን አውልቆ ጭንቅላቴን አሰረልኝ፤ ሰው እስኪደርስ ይዞኝ ነበር። ፍርድ ቤት የጠየቁኝ ማን መታህ ብለው ነው። ማን አሰረህ ያለኝ የለም።»

ፍቅሬ የእንሰቱን ግንድ ያዘ። ሸሚዙ ትዝ አለው። በዚያን ዕለት ፖሊስ ጣቢያ ሲደርስ ልጁ በካናቴራ ብቻ ቆሞ ነበር። «ልብስህን የት ጥለህ ነው?» ብሎ በጥፊ መታው። ሰው እያየ ነበር የመታው፤ ሰው እንዲያይለት ነበር የመታው። ያሬድ ጉንጩን ያዘ። አባቱ መልሱን ሳይጠብቅ ሄደ።

«ይኼን ደግሞ አንብበው» አለች ናጂያ፣ ጣቷን የመጀመሪያው ገጽ ላይ አሳርፋ።

«የልጁ አባት አቶ ፍቅሬ በጽኑ ሕመም ምክንያት ቀርበው ማመልከት ስላልቻሉ፣ እኔ እናቱ…»

«ሕመም?» አለ ፍቅሬ።

«አባቱ ለምን አልቀረበም ተብሎ እንደሚጠየቅ ነገርኳት። “ታሟል በይ” አለችኝ። ምኑን? ስላት፣ “ይድናል” ብቻ አለች።»

ከገጹ ግርጌ የአሳየሽ የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ ወይን ጠጅ፣ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ። አሳየሽ መጻፍ አትችልም ነበር። ቀበሌም ሆነ ባንክ ሄደው ጣቷን ቀለም ስትነክር ፍቅሬ ዞር ብሎ ግድግዳ ያይ ነበር። የጸሐፊ ሚስት በጣት መፈረሟ ያሳፍረው ነበር። ይህንንም አሁን ነው ለራሱ ያመነው።

«እሷ ስለሌለች ያንተ ፊርማ ያስፈልጋል» አለች ናጂያ። «ሬጅስትራሯን ጠይቄያለሁ፤ ከሥሩ ብትጨምርበት ይበቃል። ጠዋት ሱቅ እጠብቅሃለሁ።» ከዚያ ቀስ ብላ «ካልመጣህም አልፈርድብህም» አለች። የመጨረሻው ግን ውሸት ነበር፤ ፊቷ ይፈርድበታል።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ መዘምራኑ ዘምረው ጸሎት ካበቃ በኋላ የእድሩ ዳኛ አባባ ባዳቾ ተነሡ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ ሁሉም ሰው እሳቸው ዘንድ «እሱ» ነው።

«አሳየሽ የሰው ለቅሶ ቀርቶ አያውቅም» አሉ። «ልጁ አፈር ሳያለብሰው ቀረ፤ ይኼ ለእድራችን ነውር ነው። ነገ ጠዋት መልእክተኛችን ታሪኩ በሞተር ሃላሌ ይሄዳል፤ ልጁን ያመጣል። መንገድ ከተበላሸ በትከሻ ተሸክሞ ያልፋል።»

ሕዝቡ በአዎንታ አጉረመረመ። ፍቅሬ ጋቢውን ወደ ጆሮው ሳበ። ሣራ በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። ቢቀርበት ይሻለው ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ታሪኩ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ሁለት ሊትር ነዳጅ በሃይላንድ ይዞ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ከሃያ የማያንሱ ሰዎች አሉ። ሞተሩ ሲነሣ ፍቅሬም ተነሣ። ሦስተኛው ቀን ነው፤ እድሩ ሳያሰናብት ሐዘንተኛ ከፍራሹ አይነሣም። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

«አይሂድ» አለ። ድምፁ በሞተሩ ተዋጠ። «ታሪኩ! አትሂድ! ሃላሌ የለም!»

ታሪኩ ሞተሩን አጠፋ።

«እዚሁ ነው ያለው። ታስሮ ነው። ሁላችሁንም ዋሽቻችኋለሁ። እናቱን እንዲቀብር ማስመጣት እችል ነበር። አፍሬ ተውኩት። አሳየሽ ይግባኝ አስጽፋለት ነበር፤ ቀኑ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ያልቃል። መፈረም አለብኝ።»

የቢጠናዋ ሴት አፏን በእጇ ያዘች። ከእሷ በቀር የደነገጠ ሰው አልነበረም። ፍቅሬ ፊቶቹን አንድ በአንድ አየ፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። ያኔ ነው የገባው።

«ታ ናኣው» አሉ አባባ ባዳቾ በወላይትኛ፣ ልጄ ለማለት። «አሳየሽ በየሳምንቱ ሳህን ይዞ ማረሚያ ሲሄድ በማን ደጅ ነው የሚያልፍ የነበረው? በኔ አይደለም ወይ? ማን ያላወቀ አለ?»

«ታዲያ ሞተሩ…»

«ሞተሩማ አንተን ለማስነሣት ነው። እኛ ተናግረን ከምናዋርድህ አንተ ተናግረህ ቢቀልልህ ይሻላል ብለን ነው። ትናንት ማታ ጠበቅን፤ እምቢ አልክ። ዛሬም ዝም ብትል ታሪኩ እስከ ማዞሪያው ሄዶ መመለሱ ነበር። ነዳጅ ተወዷል፤ ጥሩ አደረግክ።»

አንዳንዶቹ በለቅሶ መሃል ፈገግ አሉ። ሽማግሌው የፍቅሬን ጋቢ ከትከሻው አንሥተው እሳቸው ለበሱትና እየቃተቱ ፍራሹ ላይ፣ በሐዘንተኛው ቦታ ተቀመጡ።

«ቦታህ ባዶ አይሆንም» አሉ። «እስክትመለስ እኔ አለቅስልሃለሁ። ሂድ።»

ሣራ ጫማውን አምጥታ እግሩ ሥር አስቀመጠችለት። «ስትጨርስ ማረሚያ ግባ» አለችው። «ካንተ አፍ ይስማ። ደግሞ እንዳትዋሸው።»

ታሪኩ ሃላሌ ሊሄድበት በነበረው ሞተር ፍቅሬን ወደ ፍርድ ቤት አደረሰው። ናጂያ ሱቋ በር ላይ ቆማ ነበር። ክላሰሩን ሰጠችውና «ያቺን የሕመም ነገር ላውጣት? ቶሎ ነው የማስተካክላት» አለችው።

«ተያት» አለ ፍቅሬ። «እውነቷን ነው።»

መዝገብ ቤት መስኮቱ ላይ ሬጅስትራሯ ስታየው ከወንበሯ ብድግ አለች። «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ጋሽ ፍቅሬ» ብላ ወረቀቱን ገልብጣ አየችና እስክሪብቶ ዘረጋችለት። «እዚህ ጋ፣ ከባለቤትዎ ሥር ይፈርሙ።»

ፍቅሬ እስክሪብቶውን አልተቀበለም። ጠረጴዛው ጥግ ያለውን የቀለም ስፖንጅ ወደ ራሱ ሳበ።

«እርስዎ? ፊርማዎን እኮ መላው ሶዶ ያውቀዋል!»

አውራ ጣቱን ቀለሙ ውስጥ ነከረ። ከአሳየሽ አሻራ አጠገብ አሳርፎ ተጫነ፤ ቀለሙ እስኪይዝ ሳይሆን ከዚያ በላይ፣ ረጅም ጊዜ። ከኋላው የተሰለፉት ባለጉዳዮች ያውቁታል፤ ሲያጉረመርሙ ሰማ። ዞር ብሎ ግድግዳ አላየም።

ሬጅስትራሯ ማኅተሙን መታችና ጣቱን እንዲጠርግበት ሶፍት ሰጠችው። ሶፍቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ጣቱን ሳይጠርግ ልጁ ወዳለበት ሄደ።