ያኮረፈው በር

ሰፈሩ «ጆሮ» ይለኛል። ባትላሜራ ነኝ፤ የተጨረማመተ የመኪና አካል አቃናለሁ። በር ሲዘጋ ድምፁን ሰምቼ የተበላሸው ማጠፊያው ይሁን መቆለፊያው መኪናውን ሳልነካ እናገራለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት በር ስከፍትና ስዘጋ ኖሬያለሁ። ሰው በር ወርውሮ ሲዘጋ ደሜ ይፈላል። አንዴ አንዱን ደንበኛ ከመንገድ መልሼ በሩን እንደገና በቀስታ እንዲዘጋ አድርጌዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ተመልሶ አልመጣም፤ እኔም አልናፈቀኝም።

የማወራው ግን ስለ ታላቅ እህቴ መኪና ነው። እናታችን ስትሞት ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ያሳደገችኝ እትዬ ናት። አዋላጅ ነርስ ናት። መኪናዋ ደግሞ ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ሸራ የሆነ፣ ፀሐይ ያደበዘዛት ቀይ የስፖርት መኪና ናት። ዕድሜዋ የልጄን እጥፍ ነው። «አዋላጅና የስፖርት መኪና ምን አገናኛቸው?» ሲሏት «ሕፃን ቀጠሮ አያከብርም» ትላለች።

በየጊዜው ወርክሾፔ ትመጣና «በሩ ደግሞ አኮረፈ» ትለኛለች። የሹፌሩ በር ነው። ከኋላ በኩል የላይኛው ጥጉ ከመኪናው አካል ጋር ይጋጭና አልዘጋም ይላል። አኩራፊነቱ የቤተሰባችን ጨዋታ ሆኖ ነበር። ልጄ ትንሽ ሳለች በሩን እየደባበሰች «በቃ ታረቀን» ትለው ነበር፤ እኛም እንስቃለን። ከሳቁ በኋላ እኔ ሞረዴን አንስቼ የተጋጨውን ጥግ ትንሽ እሞርደዋለሁ፣ ቀለም ቀባ አደርገዋለሁ፣ በሩም ድምፁን አሳምሮ ይዘጋል። እትዬ ሆስፒታል ሄዳ «ወንድሜ የነካው በር እኮ ነው» እያለች ታወራልኛለች። ይህን ወሬ እወደው ነበር፤ አልዋሽም።

ዘንድሮ ማክሰኞ ቀን ከሥራ ወጥታ መጣች። በሩ አኩርፏል፤ የፊት ጎማዋም በአንድ በኩል ተበልቷል። «ቅዳሜ ተራራውን ተሻግሬ ልጄ ጋ እሄዳለሁ» አለችኝ። «ሰባት ወሯ ነው። ይዣት ነው የምመለሰው፤ የልጅ ልጄን በእጄ ነው የምቀበለው።»

«በዚች መኪና? ሆዷ ይገባል?» አልኳት።

«አንተን እንኳን ከነኩርፊያህ አሳድጌሃለሁ። ጎማውን እይልኝ።»

እንድትወርድልኝ ብጠይቃት፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ማደሯን ነገረችኝና ወንበሩ ላይ ጋደም አለች። ክሪኩን ከፊት ከሞተሩ ሥር አስገብቼ መኪናዋን አነሳኋት። ጎማውን አይቼ ሳልጨርስ «ኧረ ክፈትልኝ፤ ውኃ ጠማኝ» አለች። እጀታውን ሳብኩት። አልከፈት አለ። በሁለት እጄ ሳብኩት፤ ንቅንቅ የለም። ክሪኩን ሳወርደው በሩ ራሱ ከፈት አለ። አንድ ነገር ጠረጠርኩና ዝጊው ብያት እንደገና አነሳሁት። ተቀረቀረ። አወረድኩት፤ ተከፈተ።

«እየተጫወትክብኝ ነው?» አለች።

እየተጫወትኩ አልነበረም። ክው ብዬ ነበር የቀረሁት። ማጠፊያው የተበላሸ በር መኪናው ሲነሳ ተቀርቅሮ ሲወርድ አይከፈትም። የተንቀሳቀሰው በሩ ሳይሆን በሩ የገባበት ክፍተት ነው። መኪናዋ እየታጠፈች ነበር።

እትዬን ቢሮዬ ውስጥ ሻይ ይዛ እንድትቀመጥ አደረግኩና ምንጣፉን ገለጥኩ። ጣሪያ ያለው መኪና ጣሪያው ራሱ ያግዘዋል። ይቺ ግን ጣሪያዋ ሸራ ስለሆነ የፊቷንና የኋላዋን አያይዞ የሚይዛት ሻንሲው፣ በተለይም ከሁለቱ በሮች ሥር የሚሄዱት ውስጣቸው ባዶ የሆኑ ወፍራም ብረቶች ናቸው። በሹፌሩ በኩል ያለውን በካቻቢቴ ጫፍ ነካ አደረግኩት። ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። ሳወጣው ቀይ ዝገት እየተንኮታኮተ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ከውጭ ቀለሙ ያበራል፤ ውስጡ ግን የለም። መሃሏ እንደ አሮጌ አልጋ ሰምጧል። ለዚህ ነው የበሩ የላይኛው ጥግ የሚጋጨው፤ ከታች ደግሞ ትንሿ ጣቴን የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል።

ከዚያ በሩን ከፍቼ ጥጉን አየሁት። ቀለሙ ሥር የሞረዴ ጭረት አለ። ሦስት ጊዜ ሞርጄዋለሁ። ሦስት ጊዜ መኪናዋ ወገቧ መውረዱን ነግራኛለች፤ እኔ ደግሞ የተናገረችበትን ቦታ ሞርጄ አጥፍቼዋለሁ። አኮረፈ ተባለ፣ እኔም እንዳኮረፈ ሰው አባበልኩት። በር ነው የማውቀው፤ በር ብቻ ነበር ያየሁት።

እጄን ስታጠብ ብዙ ነገር አሰብኩ። ሻንሲው ዝጓል፣ ዕድሜ ነው ብዬ ነገሩን አድበስብሼ ማለፍ እችላለሁ። ውሸት አይደለም። ስለ ሞረዱ የሚያውቅ ከእኔ ሌላ ሰው የለም። እትዬ ፊት በልጅነቴ ብርጭቆ ሰብሬ የቆምኩበት ቀን ትዝ አለኝና በዚህ ዕድሜዬ ራሴን ታዘብኩት።

«ቅዳሜ አትሄጂም» አልኳት።

«ለምን?»

«ሻንሲዋ ተበልቷል። ጠለቅ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ከገባሽ ወይም አጥብቀሽ ፍሬን ከያዝሽ ከመሃሏ ትታጠፋለች።»

«መቼ ነው የጀመረው?»

አዋላጅ ናት፤ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። ነገርኳት። በሩ ገና መጀመሪያ ያኮረፈ ጊዜ እንደጀመረ፣ ምልክቱን ሦስት ጊዜ በሞረድ እንዳጠፋሁት፣ ሁሉንም ነገርኳት።

ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «አምና ጠመዝማዛው ላይ ትቃትታለች አላልኩህም?»

«ብለሽኛል።»

«ምን አልከኝ?»

«እርጅና ነው አልኩሽ።»

«የእሷን ነው የእኔን?»

አልሳቀችም፤ እኔም አልሳቅኩም። በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው ነበር ያፈሰስኩት። ያውም ጆሮ ተብዬ። ብትቆጣኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቁጣዋን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ቶሎ ይበርዳል። እሷ ግን ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄደች። የሄደችበትን መንገድ እያየሁ ብዙ ቆየሁ።

ሥራው ሦስት ሳምንት ከምናምን ፈጀ። የተበላ ሻንሲ ነው ተብሎ ዝም ብሎ አይቆረጥም፤ የበሰበሰውን ቆርጠህ ስታወጣው የቀረው ደግሞ እጅህ ላይ ይታጠፋል። መጀመሪያ መኪናዋን በአራት መደገፊያ አስቀመጥኳት። ከዚያ የሰመጠውን መሃሏን ከሥር በክሪክ ቀስ እያልኩ ገፋሁት። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ። የበሩ ዙሪያ ክፍተት እኩል እስኪሆን በየቀኑ ለካሁ። ሲስተካከል በሩን አውልቄ፣ በር በነበረበት ክፍት ቦታ ላይ ከፊት ወደ ኋላ ሁለት ወፍራም ብረት በየድኩ፤ ብየዳው እስኪያልቅ ወገቧን ቀጥ አድርጎ የሚይዛት ነው። ከዚያ በኋላ ነው የቆረጥኩት። አንዱን ጎን ሳልጨርስ ሌላውን አልነካሁም። የሚሄድ የሚመጣው ደንበኛ «አዲስ አትገዛም ወይ እህትህ?» ሲለኝ መልስ አልሰጠሁም። አንዱን ግን ሰጠሁት፤ እሱም አኩርፎ ሄደ።

መኪናዋ ስትቃና በሩን መለስኩት። አሁን ደግሞ የላይኛው ጥግ በሰፊው ተከፍቶ ቀረ፤ የጎደለው እኔ የሞረድኩት ነው። ለጎበጠች መኪና የተሰፋ በር ለቀናች መኪና አልሆነም። ቀጭን ብረት በይጄ የበላሁትን ስመልስ አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብኝ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሐሙስ ከሰዓት እትዬ መጣች። ልጇ ስምንት ወሯን ይዛለች፤ በየቀኑ ትደውልላታለች።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

በሩን ከፈተች፣ ዘጋች። እንደገና ከፈተች፣ ዘጋች። ድምፁ አንጀት ያርስ ነበር። ዐይኔን በጨው አጥቤ ምስጋና ስጠብቅ ነበር።

«ደህና ናት?» አለች።

«ደህና ናት» አልኩ አፌን ሞልቼ፤ ቁልፉንም ከኪሴ አወጣሁ።

አልተቀበለችኝም። «እንግዲያው ነገ ልጅህን አጠገብህ አስቀምጥና ተራራው አናት ድረስ ነድተሃት ተመለስ። ከዚያ እወስዳታለሁ።»

ልጄ አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። እሺ ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነገር ነው።

«ከነገ ወዲያ ይሁን።»

«ነገ ምን አለ?»

«አንዴ ከሥር ልያት ብዬ ነው።»

እትዬ ትክ ብላ አየችኝ። ድምፅዋን አላነሳችም። «ለእኔ ግን አሁን ቁልፉን ልትሰጠኝ ነበር።»

መጀመሪያ ተናደድኩ። ሦስት ሳምንት እየተንከባለልኩ፣ እንቅልፍ አጥቼ፣ ጨርሼ፣ ይህ ነው ምስጋናዬ? ብዬ ልመልስ ነበር። ግን እውነቷን ነው። ለልጄ የሚያስፈልገውን አንድ ቀን ለእሷ አላሰብኩትም ነበር፤ ላሳደገችኝ፣ የምወዳት እህቴ፣ ነፍሰ ጡር ልጇን ይዛ ለምትመለሰው። ቁልፉን ኪሴ መልሼ ትንሿን መዶሻና መብራቱን አነሳሁ።

«ቁጭ በይ» አልኳት፤ «አሁን አያታለሁ።»

መኪናዋን ከፍ አድርጌ ከሥር ገባሁ። ብየዳውን ከፊት ጀምሬ ስንዝር በስንዝር በመዶሻ እየነካሁ ወደ ኋላ ሄድኩ። የያዘ ብየዳ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ቀኙ አለቀ፤ ጥርት ያለ ነው። በሹፌሩ በኩል ከወንበሩ ኋላ፣ አዲሱ ብረት ከአሮጌው የሚገናኝበት ቦታ ስደርስ ድምፁ ታፈነ። ደግሜ መታሁት። ታፈነ። ቀለሙን ፍቄ መብራቱን አስጠጋሁ። ብየዳው ላይ ላዩን ተቀምጧል እንጂ ወደ ውስጥ አልነከሰም፤ የያዝኩበት አሮጌ ብረት ራሱ ሳስቷል። ስንዝር ያህል ነው። ከላይ ማንም አያየውም፤ ቀለም ቀብቼበታለሁ።

በጀርባዬ እንደተጋደምኩ መዶሻውን ደረቴ ላይ አስቀመጥኩ። ከእትዬ እግር በስተቀር የሚታየኝ የለም፤ ነጭ የሥራ ጫማዋን እንዳደረገች ወንበሩ ላይ እየጠበቀች ነው። አሁን ወጥቼ «ነገ እጨርሳለሁ» ማለት ይበቃ ነበር።

«እትዬ፣ ነይ እዪ» አልኳት።

አልጠየቀችም። ካርቶን ስባ አነጠፈችና ቀስ ብላ፣ ጉልበቷን እየያዘች፣ በጀርባዋ አጠገቤ ተጋደመች። መብራቱን ያዝኩላት። በመዶሻው ጥሩውን መታሁ፣ ከዚያ መጥፎውን። ልዩነቱን ሰማች፤ ከፊቷ አወቅኩት።

«ይኼ አልያዘም» አልኳት። «እኔ ነኝ የሳትኩት። አሮጌውን ብረት ወደ ኋላ አልፌ መቁረጥ ነበረብኝ።»

«ተራራው ላይ ቢላቀቅስ?»

«በዚህ በኩል ትታጠፋለች።»

እጇን ዘርግታ የሳተውን ቦታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። የፋቅኩት ቀለም ብናኝ ጣቷ ላይ ቀረ።

«አሁን ነው ያየኸው?»

«አሁን።»

«ወዲያው ጠራኸኝ?»

«ወዲያው።»

ከውጭ የሆነ ሰው የመኪና በር ወርውሮ ዘጋ፤ እኔ አልተንቀሳቀስኩም።

«ልጅህን ተዋት» አለች እትዬ። «ቆርጠህ ድገመው። ስትጨርስ መኪናዋን ተራራው ላይ የማወጣት እኔ ነኝ።»