የጃናሞራ ጦስኝ

ሐመልማል የዳባት ልጅ ነች። በ2006 ዓ.ም. ለማስተርስ ማሟያዋ የጦስኝን ጉዳይ ያዘች፤ አንዱ ጦስኝ ለሳል ፍቱን ሲሆን ሌላው ሻይ ከማጣፈጥ የማያልፈው ለምንድን ነው?

አማካሪዋ "ከፍታውና ብርዱ ነው" ብለው ነበር። ጃናሞራ ውስጥ መድኃኒት በማወቅ የሚታወቁት መነኩሲት እማሆይ ወለተ ማርያም ግን አልተቀበሉም።

"እንዴት ብርዱ ይሆናል ልጄ? ሁለቱም እዚሁ ጎን ለጎን ነው የሚበቅሉ። ዘራቸው ነው እንጂ የተለየ።"

ይህን ለማወቅ ሁለቱን ባንድ አፈር ላይ ማሳደግ ያስፈልጋል። ሐመልማል እማሆይ እየቀመሱ ከለዩላት ጦስኝ ሠላሳ ከብርቱው፣ ሠላሳ ከደካማው ቅርንጫፍ ቆርጣ ደባርቅ ወረደች፤ አቶ ዋሴ የሚባሉ ገበሬ በሰጧት ጓሮም ተከለችው።

በአራተኛው ወር የአቶ ዋሴ በጎች ገቡበት። የተረፈው ሰባት ችግኝ ብቻ ነው፤ ምልክቱም ስለተነቀለ የትኛው የቱ እንደሆነ አይለይም።

"እኔን ይድፋኝ!" አሉ አቶ ዋሴ። "በሩን ሳልዘጋው ወጥቼ።"

ሐመልማል የተረገጠው መደብ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ለአማካሪዋ ደወለች።

"በቃ፣ ባለሽ መረጃ ጻፊ" አሏት።

"ያለኝ ምንም አያስረዳም። እንደገና እተክላለሁ።"

"ምርቃትሽ በዓመት ይገፋል።"

"ይገፋ።"

በሳምንቱ ጃናሞራ ወጣች። እማሆይም በዝናብ አብረዋት ዳገቱን እየዞሩ፣ ቅጠል እያኘኩ፣ እንደገና ስልሳውን ለዩላት። አቶ ዋሴ ደግሞ ጓሮውን በደረት ቁመት ካብ አጠሩት።

በዓመቱ ቅጠሉ በበረዶ ታሽጎ አዲስ አበባ ለምርመራ ሄደ። ውጤቱም መጣ፤ ሳል የሚያሽረውን ዘይት የሚያሠራው ዘረ መል (ጂን) በብርቱው ጦስኝ ውስጥ በኃይል ይሠራል፤ በደካማው ግን ዝም ብሏል። ባንድ አፈር፣ ባንድ ብርድ አድገውም ልዩነቱ አልጠፋም። ብርቱ ከተባሉት ሠላሳ መካከል ግን አራቱ ደካማ ሆነው ተገኙ።

"አራቱን ብታወጪያቸው ጽሑፉ ያምርልሽ ነበር" አሉ አማካሪዋ።

"በቅለዋል፤ አላወጣቸውም።"

እንዳለ ጻፈችው፤ ተመረቀችም። ከዚያ ውጤቱን ልትነግራቸው እማሆይ ዘንድ ሄደች። ስለ አራቱ ስትነግራቸው ግን አፍራ አቀረቀረች።

እማሆይ መቋሚያቸውን አነሡ።

"ከየትኞቹ ነው የቆረጥሻቸው? ነይ ዳገቱ ላይ አሳዪኝ፤ ደግሜ ልቅመሳቸው።"